ሲጠብቅና ሲላላ

ትልቁን መስታወት ኦረስት ነው የሠራው፣
እጁ ሳይከዳው፣ ሦስት ክረምት ቀድሞ፣
በርሜል ዙሪያ እየዞረ፣ የድንጋይ ዱቄት በውሃ እያራሰ፣
መስታወት በመስታወት ሲፍቅ ቆሞ።
ከዚያ መንቀጥቀጡ መጣ፤
ከአውራ ጣቱ ጀምሮ ወደ ክንዱ ወጣ።
ቴሌስኮፑ ጋራዡ ጥግ፣ ከበረዶ መዛቂያው ጎን፣
አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ሰስካቱን ላይ ሰማይ እያለን።

አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠራኝ።
«ብረት ታውቂያለሽ አሉ።»
«የማውቀው አውቶቡስ ነው፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን፤
ሰማይ ላይ ፍሬን የለም» አልኩት።
ሳቀ፤ ትከሻው ከእጁ ጋር ተንቀጠቀጠ።
«ትንሿ መስታወት ናት የቀረችኝ፤
ቱቦው አፍ ላይ ተንጠልጥላ
ብርሃኑን ወደ ጎን፣ ወደ ዓይኔ የምታጥፍልኝ።
ብሎኖቿ ግን ደቃቅ ናቸው፤
ይህ እጅ ካቻቢቴ አይዝልኝ።»

ከጣውላ መጋዘን የተጣለ የብረት ማሰሪያ ለቀምኩ፤
አራት ስስ ክንፍ አወጣሁለት፣
ሞርሳ ላይ ወጥሬ ጠርዙን በሞረድ በላሁት።
ክንፍ ሲሳሳ ጥላው ይሳሳል፤
ሲበዛ ከሳሳ ግን ንፋስ እንደ ክር ያርገበግበዋል።
መሐል አንድ ብሎን፣ ዙሪያውን ሦስት፣
በመካከላቸው ሞላ።
የመጀመሪያው ከእስክሪብቶ የወጣ ነበር፤
ስሙ ሞላ፣ ጉልበቱ ጎደሎ።
ሁለተኛው ከአሮጌ የበር እጀታ፤
እሱስ ስሙን አከለ።

ስህተቴንም ልናገር።
መስታወቷን ጀርባዋን ሙሉ በሲሊኮን ለጠፍኳት፣
እንዳትወድቅብኝ ፈርቼ፣ አጥብቄ አቀፍኳት።
ኮከቡ ሦስት ማዕዘን ሆኖ መጣ፣
እንደ ሳምቡሳ።
ኦረስት አየና «ጨንቋታል» አለ፤
«የተጨነቀ መስታወት ይዋሻል።»
በጥርስ ማጽጃ ክር፣ ሌሊቱን እየጋዝኩ አላቀቅኳት፤
በሦስት ጠብታ ብቻ፣ እንደ ጣት ጫፍ፣
እንደገና ያዝኳት።

ለብሎኖቹ ራስ ምን ላድርግ?
ጣት ባይታዘዝ መዳፍ የሚያዞረው፣
ግን ከመስታወቷ ጥላ የማያልፍ።
የመድኃኒቱን ብልቃጦች አየሁ፣ መስኮቱ ላይ ተሰልፈው።
ሦስት ክዳን ወሰድኩ፣ ጠርዛቸው ጥርስ ያለው፣
በማጣበቂያ ሞልቼ ብሎኖቹን አለበስኩ።
ሚስቱ ስቴፋ «ክኒኑን ምን ልክደነው?» አለች።
መልስ አልነበረኝም።

በእኛ ፊደል ብሎኑ አይታይም፤
የሚያጠብቀውም የሚያላላውም የአንባቢው ምላስ ነው።
«አለ» ተብሎ ቢጻፍ፣
ከላላ ወሬ ነው፣ አንድ ሰው የተናገረው፤
ከጠበቀ ነገሩ ራሱ ነው፣ እዚያው የሚኖረው።
የሦስቱም ብሎን ነገር እንዲሁ፤
አንዱን ስታጠብቅ ሌላውን ካላላላህ፣
ወይ ብረቱ ይጎብጣል፣ ወይ መስታወቱ።

ጥቅምት ማለቂያ። ከዜሮ በታች ዘጠኝ።
የሰሜን ኮከብን መረጥን፣ ቦታውን አይለቅምና።
አጠገቡ ደብዛዛ ጓደኛ አለ ይባላል፤
ኦረስት ድሮ ያየው፣ እኔ የሰማሁት።
መዳፉን ክዳኑ ላይ ጣለ።
እጁ ሲንቀጠቀጥ ክንፎቹ፣ ክንፎቹ ሲንቀጠቀጡ ኮከቡ፤
ሰማዩ ሁሉ በሽታውን ተጋባ።
ጠበቅነው።
ከወንዙ ማዶ የጭነት ባቡር ረጅም ሆኖ አለፈ።
ሩብ ዙር። «ወደ ግራ ሸሸ» አልኩት።
ሌላኛውን አላላ፣ ከሩብም ያነሰ።
«መለስከው። ተወው፣ እንዳትነካው!»

ቦታ ለወጥን፤ ዓይኑን አስጠጋ።
«አራት እሾህ አብቅሏል» አለ።
የእኔ ክንፎች ናቸው፤ ብርሃኑ ሲያልፍ የቧጨሩት።
ይቅርታ ልል ስል «ፊርማሽ ነው» አለኝ፣
ከዚያም ዝም አለ፤ ብዙ ዝም አለ፤
ትንፋሹ ቱቦው ላይ በረዶ ሠራ።

ነገ ብርዱ ብረቱን ሲያኮማትር እንደገና ይስታል፤
ክዳኖቹ ለዚያ ነው ያሉት።

እስከዚያው ግን የተናገረውን እጽፋለሁ፤
ፊተኛውን አጥብቃችሁ፣ ኋለኛውን አላልታችሁ አንብቡልኝ፦
«አለ» አለ።